እርማት፦ የእንቁላል ኔቡላን በኦክስጅን-3 ፊልተር አትፈልጉት

«ፕሮቶፕላኔታሪ ኔቡላ ለማየት የኦክስጅን-3 ፊልተር ግድ ነው» የተባለው ስህተት ነው፤ ብዙ ሰውም ያምነዋል። ፕሮቶፕላኔታሪ ኔቡላ ማለት እየሞተ ያለ ኮከብ የተፋው የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ፊልተሩ የሚያሳልፈው 495.9 እና 500.7 ናኖሜትር ላይ ያለውን የአዮናይዝድ (ኤሌክትሮኖች የተነጠቁ) ኦክስጅን ብርሃን ነው። አብዛኞቹ ፕሮቶፕላኔታሪ ኔቡላዎች ግን ጋዛቸው ይህን ብርሃን የሚሰጥበት ደረጃ ላይ ገና አልደረሱም። በሲግነስ ኅብረ ኮከብ ያለውን የእንቁላል ኔቡላ ውሰዱ፦ የመሃሉ ኮከብ ሙቀት 7,000 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ጋዙን ለማብራት ከ25,000 በላይ ያስፈልጋል። የምናየው አቧራው የሚመልሰውን የኮከቡን ብርሃን ስለሆነ ፊልተሩ አብዛኛውን ይቆርጠዋል።

ስለዚህ ፊልተሩን አውጡና በ40 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ ከ300 እጥፍ በላይ አጉሉት። ማጉያው ዝቅ ካለ የደበዘዘ ጥንድ ኮከብ ይመስላል፤ ብዙዎች አልፈውት የሚሄዱት ለዚህ ነው። ከዚያ አይፒሱ (በዓይን የምናይበት ሌንስ) ላይ አንድ ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚንቀጠቀጥ ብርሃንን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ግጠሙና ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ከአቧራ የተመለሰው ብርሃን በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ስለሚንቀጠቀጥ የኔቡላው ሁለት ክንፎች ይደምቃሉ፣ 90 ዲግሪ ስታዞሩት ይፈዛሉ፤ አጠገባቸው ያሉት ከዋክብት ግን ብርሃናቸው አይለወጥም። እጅግ የሚያምር እይታ ነው! ለጨረቃ የሚሸጠው ተስተካካይ ፖላራይዘር ሁለት መስታወት አለው፤ አንዱን በሌላው ላይ ስታዞሩ ከዋክብቱም አብረው ይፈዛሉ። ለዩትና አንዱን ብቻ ተጠቀሙ።