የሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ለተሳፋሪ ይመለስ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ በጆርጂያ አቬኑ ሲያልፍ ያየዋል። በ1945 የተሠራ የጡብ ጣቢያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሠራተኛውን ዋሽንግተን የሚያመላልሰው ማርክ ባቡር ድሮ እዚህ ይቆም ነበር። አሁን ትንሽ ወጣ ብሎ ከሜትሮው አጠገብ ይቆማል። ሁለት የሰፈሩ ነዋሪዎች እንዲህ ይከራከራሉ።

ይመለስ የሚለው

ይህ ቤት የተሠራው ሰው ባቡር እንዲጠብቅበት ነው። መጠበቂያ ክፍሉም የትኬት መስኮቱም አሉ። በሩ ግን የሚከፈተው በአብዛኛው ለዝግጅት ለተከራየው ሰው ነው። እኛ በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፣ ገብተን ግን አናውቅም።

ለገሃርን የሚያውቅ ሰው ስጋቴ ይገባዋል። በ1929 የተሠራው ያ ውብ ሕንፃ ለስንት ዘመን የአዲስ አበባ በር ነበር። አሁን የጅቡቲው ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ባቡሩ ሲርቅ ሰውም ይርቃል።

በዚሁ መስመር ላይ ያለችውን ጌይተርስበርግን እዩ። በ1884 የተሠራው ጣቢያ አጠገብ ማርክ ዛሬም ይቆማል። የዕቃ መጋዘኑ ደግሞ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ ከሆነ፣ እዚህ ለምን አይሆንም?

እንዳለ ይቆይ የምትለው

ወንድሜ፣ ስለ ለገሃር ያሉት ልቤን ነክቶኛል። ግን ይህ ቤት እንዴት እንደተረፈ ያስታውሱ። በ1997 የጭነት መኪና ገጭቶት ተዘጋ። በ1998 ሞንትጎመሪ ፕሪዘርቬሽን የተባለ የቅርስ ማኅበር ተረከበው፣ ጠግኖም በ2002 ከፈተው። የሚያከራዩት የቤቱን ጥገና ወጪ ለመሸፈን ነው። ጣሪያ በምኞት አይጠገንም።

ባቡሩም የተዛወረው ለተሳፋሪው ተብሎ ነው። ሬድ ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር ከ1978 ጀምሮ እዚያ ይቆማል፣ አውቶቡሱም እዚያው ነው። ሽፍት የሚገባ ሰው ከማርክ ወርዶ በበረዶ እንዲራመድ ይፈልጋሉ? ሐዲዱ ደግሞ የጭነት ባቡር ድርጅቱ የሲኤስኤክስ ነው፣ የጭነት ባቡር ይበዛበታል። በዚህ አጭር ርቀት ሁለት ጊዜ መቆም ሁሉንም ያዘገያል።

ባቡር በሩ ላይ ስለቆመ ቤቱ ለሰው ይከፈታል ማለትም አይደለም። በዚሁ መስመር ያለውን የፖይንት ኦፍ ሮክስ ጣቢያ ያውቁታል? ማርክ ይቆማል፣ ሕንፃው ግን ለተሳፋሪ ዝግ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። በፌብሩዋሪ 1996 በረዷማ ምሽት፣ ከዚህ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የማርክ ባቡር አምትራክ ከሚባለው የረጅም ርቀት የተሳፋሪ ባቡር ጋር ተጋጨ። 11 ሰው ሞተ። ስምንቱ የሙያ ሥልጠና ላይ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። መርማሪዎቹ እንዳሉት፣ የማርኩ ሾፌር ኬንሲንግተን ጣቢያ ቆሞ ከተነሳ በኋላ ቀድሞ ያየውን የጥንቃቄ ምልክት አልተከተለም። ከዚያ በኋላ የአደጋ ጊዜ መውጫ ደንቦች ይበልጥ ጥብቅ ሆነዋል። ዛሬ ፉርጎ ውስጥ መስኮት ላይ የምናየው ምልክት በነፃ አልመጣም። ይህን ለልጆቻችን የሚነግር ቦታ ያስፈልገናል። ጸጥ ያለ ቤት ለዚህ ይሆናል፣ የተጣደፈ ሰው የሚተራመስበት መጠበቂያ ግን አይሆንም።

ይመለስ የሚለው

እህቴ፣ እንግዲያው ባቡሩ ባለበት ይቁም። በሩን ግን አልተውም። የማርክ መስመራችን የሥራ ቀን ባቡር ነው። ካውንቲው ለጥበቃና ለጽዳት ይክፈል፣ በሥራ ቀን ጠዋት ለማንም ሰው ይከፈት። የእነዚያን ወጣቶች ታሪክ በግድግዳው ላይ ያንብበው። አዳራሽ ለመከራየት አቅም የሌለውም ግብሩን ይከፍላል።

እንዳለ ይቆይ የምትለው

ካውንቲው ከከፈለ፣ የቤቱ አሠራርም ካልተነካ፣ ለካውንቲው የምናቀርበውን የጥያቄ ፊርማ አብሬዎት አሰባስባለሁ። ማኅበሩን ግን አስቀድመን እንጠይቅ። ቁልፉ የእነሱ ነው፣ ቤቱን ያተረፉትም እነሱ ናቸው።