መሐላ የሽያጭ ቋንቋ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ውይይት ላይ ነጋዴዎችን አሠለጥናለሁ የሚል እንግዳ ቀርቦ ነበር። ስለ ደንበኛ አያያዝ ብዙ ካወራ በኋላ አዘጋጁ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀው። «ነጋዴው በየደቂቃው ‹እግዚአብሔርን›፣ ‹ማርያምን› እያለ ይምላል። ይኼ ነገር አያሳስብም?» አለው። ሰውዬው ሳቀ። «ይኼማ የሽያጭ ቋንቋ ነው» አለ። «ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። ማንም አይጎዳም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በአንድ ጸሎት 41 ጊዜ ‹እግዚኦ› ትል የለ? እግዚአብሔር በዚህ አይቆጣም።» አዘጋጁም አብሮት ሳቀና ወደ ማስታወቂያ አለፉ።

እኔ አልሳቅሁም። ሬዲዮውን ዘጋሁት፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

ከ41ዱ ልጀምር። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን ሰው አይተኸው ታውቃለህ? በጣቱ አንጓ ወይም በመቁጠሪያ እየቆጠረ ነው። በጾም ጊዜ ከሆነ እያንዳንዷን ከስግደት ጋር ነው የሚላት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። የሚለውም «ክርስቶስ ሆይ፣ ማረን» ነው። ጥፋተኛ ሆኖ ዳኛው ፊት ቆሟል። የሚሸጠው ዕቃ የለም። የሚያሳምነው ገዢ የለም። ነጋዴው ግን «እግዚአብሔርን፣ በዋናዬ ነው የምሰጥህ» ሲል ያንኑ ዳኛ ከዙፋኑ አውርዶ ሱቁ ውስጥ የሐሰት ምስክር አድርጎ እያቆመው ነው። እነዚህን ሁለቱን «ያው ስም መጥራት ነው» ብሎ አንድ ላይ መደመር ድፍረት ነው። አንድ ሰው ይህን በሚሊዮን ጆሮ ፊት ተናግሮ ሲሳቅለት መስማት ደግሞ ያማል።

«ማንም አይጎዳም» የሚለው ይብሳል። ባለፈው መስከረም ለልጅ የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛ መርካቶ ወረድሁ። ሻጩ ወጣት ነው። ቁመናው ያማረ፣ አፉ የጣፈጠ ልጅ። ዋጋ ጠራ፣ ቀንስ አልሁት፣ ትንሽ ቀነሰ። እንደገና ቀንስ አልሁት። «አያዋጣኝም» አለ። ልወጣ ስል አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፊት ሳብ አደረገውና «በማተቤ! ማርያምን፣ ኦርጅናል ቆዳ ነው፣ ከዚህ በታች ዋናዬን አላገኝም» አለኝ። ከፈልሁ። ጥቅምት ሳያልቅ ሶሉ ከነቆዳ መሳዩ ፕላስቲክ ተገነጠለ።

ስለ ጫማው አይደለም የማወራው። ልጁ ማተቡን የያዘበትን ሰዓት ልብ በሉልኝ። ገና ስገባ አልያዘውም። ዋጋ ሲጠራም አልያዘውም። ምክንያቱ ሁሉ ሲያልቅበት፣ እኔም ልወጣ ስል ነው የያዘው። መሐላን የመጨረሻ አድርጎ ያስቀመጠው ከባድ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እኔም የከፈልሁት ማተብ ስላየሁ ነው። እንግዲህ «ገዢውም ያውቃል» የሚለው ነገር የት ገባ? ገዢው ሁሉ መሐላው ውሸት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ነጋዴው ይምል ነበር? አይምልም። ትርፍ የሌለበት ነገር መርካቶ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። መሐላው የሚሠራው ስሙን የሚፈራ ሰው ገና ስላለ ነው። የሚዘረፈውም ያ የሚፈራው ሰው ነው። ከገጠር የመጣችው እናት ናት። ሽማግሌው ናቸው። እግዚአብሔርን የማይፈራውማ መች ያምነዋል?

ይህ ስም በዚህ አገር ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር የረሳን ይመስለኛል።

ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሲቀራረቡ አንዲት መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ትላለች። የተነሣው ዱላ አየር ላይ ይቆማል። ሌባ ሲሸሽ «በሕግ አምላክ ቁም!» ይባላል። ይህን የሚጮኸው ሰው ጠመንጃ የለውም። ማዘዣም የለውም። ያለው ስም ብቻ ነው። በዚያ ስም ተጠርቶ አልቆምም ያለ ሰው መንደር ውስጥ ፊቱን የሚያሳይበት አልነበረውም። ሕዝቡ «በምኒልክ አምላክ» ሲልም እኮ ንጉሡ ብቻውን አልበቃውም ማለት ነው። ያ ሁሉ ግርማ ያለው ንጉሥ ከላዩ አምላክ ተጨምሮበት ነው ሰው የሚያቆመው።

ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስቡ። ሽማግሌዎች ወራት ይለፋሉ። በመጨረሻ ቄሱ መስቀል ይዘው በቆሙበት ሁለቱም ወገን ይምላል። ከዚያ በኋላ ገዳይና የሟች ወንድም አንድ ገበያ ይውላሉ፣ አንድ ወንዝ ይሻገራሉ። በመካከላቸው ፖሊስ የለም። ፊርማና ማኅተም የለም። በሁለቱ መካከል ያለው በእግዚአብሔር ፊት የተባለ አንድ ቃል ነው። ያ ቃል ስንት ልጅ ከሞት እንዳተረፈ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

የቆሎ ተማሪውንስ? ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ስሟ ብላችሁ ማለት ነው። ሌላ የሚያቀርበው ነገር የለም። ዘመድ አይደለም፣ የአገር ልጅም ላይሆን ይችላል። ከሸዋ ተነሥቶ ጎጃም የወረደ፣ ከወሎ ተነሥቶ ጎንደር የገባ ባይተዋር ነው። የቤቱ እመቤት ግን የተረፈውን እንጀራ፣ ንፍሮውን፣ ያገኘችውን ታወጣለታለች። በጎጃም የዋሸራ ጉባኤ ቤት ቅኔ፣ በጋይንት የቤተልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የኖረው በዚህ ቁራሽ ነው። በጀት አልነበረውም። የምንኮራበት ዜማና ቅኔ ሁሉ ስም ብቻ ተጠርቶ በተሰጠ እንጀራ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ያች እመቤት ስሙን ሰምታ «ይኼ የልመና ቋንቋ ነው፣ ለማኙም ያውቃል እኔም አውቃለሁ» ብላ በሯን ዘግታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድጓ የሚቆም ሰው አይኖርም ነበር።

የብራና ጸሐፊውም እንዲሁ ነው። መስመሩን በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ይቆይና የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሱ ስም ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ብዕሩን ያስቀምጣል። ለቀይ ቀለም ያዘጋጀውን ሌላውን ብዕር ያነሣል። ስሙን ይጽፋል። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። በየገጹ፣ በየመስመሩ፣ መጽሐፉ እስኪያልቅ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ማንም «ጊዜ ይፈጃል፣ በአንዱ ቀለም እንጨርሰው» አላለም። እኛ ደግሞ ያንኑ ስም ለአንድ ጥንድ ጫማ እንጠራዋለን።

«ልማድ ነው» የሚሉኝ አሉ። ምላስ የለመደውን ይላል፣ ልብ ግን ንጹሕ ነው ይላሉ። ልማድ ከሆነ ለምን በተጠራጠሩህ ጊዜ ብቻ ይመጣል? የቤት ደላላው ስለ አየሩ ሲያወራ አይምልም። «እግዚአብሔርን፣ አከራዩ ከዚህ አይወርድም» የሚለው ገንዘቡ ሲቃረብ ነው። ምላስ ሳያስበው ያመለጠው ነገር እንዲህ ሰዓቱን ጠብቆ አይመጣም። ደግሞስ ልማድ ከመቼ ወዲህ ነው ከጥፋት የሚያድነው? ትእዛዙ «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» ብሎ አያቆምም። «እግዚአብሔር ስሙን በከንቱ የሚጠራውን ከበደል አያነጻውምና» ይላል። ከአሥሩ ትእዛዛት ውስጥ ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ከኋላው የተከተለው ስንቱ ነው? የሬዲዮው እንግዳ ግን «አይቆጣም» አለን። ማን ነገረው?

ጌታችንማ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በተራራው ስብከት «ከቶ አትማሉ» ነው ያለው። በሰማይም፣ በምድርም፣ በራስህም አትማል። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን፤ ከእነዚህም የወጣ ከክፉው ነው» አለ። የሽያጭ ሥልጠና ከተፈለገ ይህ ይሰጥ። ዋጋው ይህ ነው፣ ቆዳ አይደለም፣ ሲንቴቲክ ነው፣ አለቀ። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው ስንት ደንበኛ እንደሚያፈራ አሠልጣኙ ከእኔ በላይ ሊያውቅ ይገባው ነበር።

አንድ ነገር ልቀበል። ስሙ ከአፋችን ይጥፋ የሚል ሰው አይደለሁም። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉ እናት ስሙን በከንቱ አልጠሩም። ዘይት ተወዶባቸው፣ ጉልበታቸው አሟቸውም እንዲሁ ይላሉ። «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር» ይባል። ደንግጦ «በስመ አብ!» የሚለውም ቢሆን ቢያንስ መጠጊያ እየፈለገ ነው። እነዚህ ምስጋና ናቸው፣ ምርቃት ናቸው፣ ልመና ናቸው። እኔን ያስቆጣኝ ስሙን ለውሸት ዋስ አድርጎ መጥራት ነው። ስለ «ወላሂ» ሙስሊም ጎረቤቶቼም ይህንኑ ሲያማርሩ እሰማለሁ። አሁን አሁንማ ክርስቲያኑም ጎረምሳ «ወላሂ» ይላል፤ ያም ያንተ ያልሆነውን የሌላውን ቅዱስ ነገር ማቅለል ነው።

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። እሱ ከማን ተማረ? ቴሌቪዥን ክፈቱ። ማይክ የያዘው ሰው «ጌታ አሁን እየተናገረኝ ነው» ይላል፤ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሄዳል። ጌታ ተናገረ የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ይናገራል። በእኛም በኦርቶዶክሶቹ ቤት በመልአክ ስም ተአምር እየተለጠፈ በዩቲዩብ ዕይታ የሚለቅም ሞልቷል። መድረክ ላይ ያለው ስሙን እንዲህ ከተጫወተበት መደብ ላይ ያለው ምን ያድርግ? በሐዋርያት ሥራ ላይ የአስቄዋ ሰባት ልጆች ታሪክ አለ። የማያውቁትን ስም ለሥራቸው ሊጠቀሙበት ሞከሩ። ክፉው መንፈስ «ኢየሱስንማ አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» አላቸው። ቆስለው፣ ራቁታቸውን ከዚያ ቤት ሸሹ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ መስማት ያለበት መድረክ ላይ ያለው ነው።

መንግሥት እንኳ የመሐላን ክብደት አልናቀም። ምስክር ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይምላል። ምሎ ቢዋሽ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል። ዳኛ ፊት ሲሆን እስር የሚያስከትል ነገር ጫማ ተራ ላይ ሲሆን «የሽያጭ ቋንቋ» የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ስሙ እኮ ያው ስም ነው።

የሬዲዮው አዘጋጅ ጥያቄውን ጀምሮ ተወው። ይቀጥልበት። ያንን እንግዳ መልሶ ይጥራውና ይጠይቀው፦ በሥልጠናህ ላይ ነጋዴዎቹን ይህንኑ ነው የምታስተምራቸው? ልጅህ ዋሽቶ «እግዚአብሔርን» ቢልህ «የልጅ ቋንቋ ነው» ብለህ ታልፈዋለህ? የንስሐ አባቶችና ሰባክያንም ይጠሩ። ዝሙትና ስካር በየስብከቱ ይነሣል፤ በሚዛንና በመሐላ ስለ መዋሸት ግን ከዐውደ ምሕረት የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው። የሚምሉት እኮ ሌላ ቦታ አይደሉም ያሉት። እሑድ ጠዋት ከፊታቸው ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። ከእንግዲህ ለዋጋ የሚምልልኝን ሻጭ ዕቃውን መደቡ ላይ አስቀምጬለት እወጣለሁ። ለምን እንደወጣሁም ሳልነግረው አልሄድም።