ለሽጉጡ ያልነበረውን ሳጥን አትስጡት

በጥንታዊ ሪቮልቨሮች ገበያ ሳጥን ገንዘብ ነው። ከነሳጥኑ የቀረበ ሽጉጥ ብቻውን ከቀረበው አቻው በልጦ ይሸጣል፤ ይህ በራሱ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው መዘዙ ነው። ገዢው «የተሟላ» ለሚባለው ዕቃ ጭማሪ ስለሚከፍል፣ ሽጉጡን ከአንድ ቦታ፣ ሳጥኑን ከሌላ፣ መሣሪያዎቹን ከሦስተኛ ሰብስቦ «ኦሪጅናል» ብሎ ማቅረብ እንደ ሙያ ተቆጥሯል። ለእኔ ይህ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

የአሜሪካውን የኮልት ኩባንያ የካፕ ሪቮልቨሮች እንውሰድ (ካፕ ሲመታ ፈንድቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ቆብ ነው)፤ እ.ኤ.አ. የ1849ኙን የኪስ ሞዴል፣ የ1851ዱን ኔቪ፣ የ1860ውን አርሚ። አብዛኞቹ የተሸጡት ያለ ማሳያ ሳጥን ነው። ሳጥን የነበራቸው እንደ አገሩ ስልት ይለያያሉ። የአሜሪካው ብዙ ጊዜ ከማሆጋኒ ወይም ከዋልነት እንጨት የተሠራ፣ ውስጡ ከፋይ የለበሰ፣ በቀጫጭን እንጨት የተከፋፈለ ነው። ኮልት ከ1853 እስከ 1856 በለንደን ባካሄደው ፋብሪካ የተሠሩት ደግሞ በኦክ ወይም በማሆጋኒ እንጨት ሳጥን፣ በአብዛኛው በአረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ላይ ይተኛሉ። የፈረንሳዩ ስልት ክፍልፋይ የለውም፤ ለሽጉጡም ለእያንዳንዱ ዕቃም በልኩ የተቦረቦረ ማደሪያ አለው። በውስጣቸው የሚገኘው ግን ተቀራራቢ ነው፦ የባሩድ መያዣ፣ አንድ ክብና አንድ ሾጣጣ ጥይት የሚያወጣ ባለ ሁለት ጉድጓድ መቅረጫ፣ ጫፉ ካቻቪቴ የሆነ መፍቻ፣ የካፕ ቆርቆሮ፣ የሳጥኑ ቁልፍ። እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ስለሚሸጡ ባዶ ሳጥን ያገኘ ሰው ገንዘብ እስካለው ድረስ መሙላቱ አይከብደውም። የሚከብደው የጨርቁን ምስክርነት ማስተካከል ነው።

ከመነካካት በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። የሽጉጡ ሲሊንደር ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ የቀሩ ካፖች ዛሬም ሊፈነዱ ይችላሉ፤ የዛገ ክዳን በካቻቪቴ አይፈለቀቅም፣ ቆርቆሮው አይንኳኳም። የባሩድ መያዣውም ባዶ ነው ተብሎ አይገመትም።

ሽጉጡ ከወጣ በኋላ ሳጥኑን ባዶውን፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ተመልከቱት። ለብዙ ዘመን የተኛ ሽጉጥ የከፋዩን ጸጉር በተወሰኑ ቦታዎች ይጫነዋል፤ የፊት ማነጣጠሪያው፣ የመምቻው ጫፍ፣ ሲሊንደሩና የምላጭ ከለላው ያረፉበት ይረግጣል፣ በዘይትም ይጠቁራል። የ1851ዱ ኔቪ መደበኛ አፈሙዝ 7 ኢንች ተኩል ነው። አፈሙዙ ጨርቁ ላይ የተወው ምልክት ከዚያ አጥሮ ካለቀ፣ ወይም የማነጣጠሪያው ጫና ሁለት ቦታ ላይ ከታየ፣ ሳጥኑ ሌላ እንግዳ አስተናግዷል። ክፍልፋዮቹንም ተከታተሉ። ከቦታው የተነሣ እንጨት ከሥሩ የድሮ ማጣበቂያ መስመር፣ ጎኑም ላይ ፀሐይ ያላገኘው ደማቅ የጨርቅ ቀለም ትቶ ይሄዳል።

ቪቴዎቹም ይናገራሉ። ባለ መስቀል ጥርስ ቪቴ የመጣው በ1930ዎቹ ስለሆነ በ1850ዎቹ ማጠፊያ ላይ ቦታ የለውም። አንድ ቪቴ ተቀይሮ ቢገኝ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም አዲስ ሆነው ቀዳዳዎቹ ከተቀየሩ ግን ክዳኑ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። የጨርቁን ዓይነት ለማወቅ ከተላቀቀ ጠርዝ ሥር አንድ ክር ብቻ ወስዶ ከሳጥኑ ርቆ ማቃጠል ይበቃል፤ ጥጥ፣ ሐርና ሱፍ የሚፈረፈር አመድ ይሆናሉ፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ለመለያ ወረቀት ደግሞ ባለ 365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ባትሪ በጨለማ ክፍል ያብሩበት። ከ1950 ገደማ ወዲህ በወረቀት ሥራ የተለመደው ማንጫ ኬሚካል ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ የ1900 ነው የተባለ ወረቀት እንዲህ ካበራ አዲስ ኅትመት ነው። አለማብራቱ ግን አሮጌነቱን አያረጋግጥም፤ አጭበርባሪዎችም ባትሪ አላቸው።

በካርቶን ሳጥኖች ማጭበርበሩ ይቀላል፣ ማጣራቱም እንደዚያው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በተባለው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ ኩባንያ ብዙ ሳጥኖች ግርጌ የሽጉጡ መለያ ቁጥር በእጅ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ በጎን ብርሃን የሻከረ የወረቀት ጭረት ይታያል። ዘመኑንም አስተያዩ። ኩባንያው ለሞዴሎቹ ቁጥር መስጠት የጀመረው በ1957 ነው፤ ስለዚህ በ1956 ለተሸጠ የ.44 ማግነም ጥይት ሪቮልቨር «ሞዴል 29» የሚል መለያ የተለጠፈበት ሳጥን የእሱ ሊሆን አይችልም። ሻጮች በዚህ ጊዜ የፋብሪካ መዝገብ ደብዳቤ፣ ማለትም ኩባንያው ከመዝገቡ አይቶ የሚጽፈውን ምስክር፣ ያወጣሉ። ደብዳቤው ሽጉጡ ከፋብሪካ የተላከበትን ቀን፣ የአፈሙዙን ርዝመት፣ ቀለሙንና መድረሻውን ይናገራል፤ ስለ ተራ ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይልም። የሚመሰክረው ለሽጉጡ ነው።

ሳጥኑ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋት ይመጣል፤ ሽጉጡን እዚያው ውስጥ ማኖር። ኦክ አሴቲክ አሲድ ይተነፍሳል፣ የእርሳስ ጥይቶች ነጭ ዱቄት የሚለብሱት በዚህ ነው። ሱፍ የድኝ ውህድ ስለሚያወጣ ብር ያጠቁራል። ጨርቁ የያዘው እርጥበትም ብረቱን በነካበት በኩል ያዝገዋል። ሽጉጡን በናይትሪል ጓንት ይዞ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ፣ ስስ ማይክሮክሪስታላይን ሰም መቀባት፣ ከዚያም ከሳጥኑ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ለእንጨቱ ሳጥን ከ45 እስከ 50 በመቶ የማይዋዥቅ አንጻራዊ እርጥበት ይስማማዋል፤ ብረቱ ከዚያ የደረቀ ቦታ ይወዳል። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም ማስደሰት አይቻልም።

የተረገጠውን ከፋይ በእንፋሎት ማንሣት «ማሳመር» ይባላል፤ ዋናው ማስረጃ የሚጠፋው በዚያ ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት በቂ ነው። የተቀደደ ካርቶን ላይ ፕላስተር አይለጠፍም፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ጥገና የግድ ከሆነ በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች፣ ከውስጥ በኩል ብቻ ይሁን።

አዲስ የተሠራ ሳጥን ነውር የለበትም፤ የሠሪው ስምና ዓመት ከጨርቁ ሥር እንጨቱ ላይ ይቃጠልበት። በሽያጭ መግለጫ ላይም «ከዚህ ሽጉጥ ጋር ከፋብሪካ የወጣ» የሚለው ቁጥር ወይም ሰነድ ላለው ብቻ ይዋል። ሌላው «የዘመኑ ሳጥን፣ በኋላ የተጣመረ» ይባል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ገዢ ክፍያ ሳይፈጽም አራት ፎቶ ይጠይቅ፦ የሽጉጡን ቁጥር፣ የሳጥኑን ግርጌ፣ በሳጥኑ ጫፍ ያለውን መለያ ወረቀት፣ እና ባዶውን ሳጥን በጎን ብርሃን። አራተኛውን የማይልክ ሻጭ ብዙ ነው።