እናቴ እልል ያለችበት ደብዳቤ

ረጅም ነው፣ ታገሱኝ። ቤታችሁ 12ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ታናሽ ወንድሜ ጎበዝ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃው ከሦስት ወርዶ አያውቅም። በመከር ወር ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ከ1600 1480 አመጣ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም ዘመዱም፣ መንገድ ላይ ሰላም ያለውም ሁሉ "አንተማ ፉል ስኮላርሺፕ አታጣም" ይለው ጀመር። እኔም ብዬዋለሁ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እዚሁ አራት ኪሎ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ኤጀንሲ ሄድን። ግድግዳው ላይ የአሜሪካና የካናዳ ባንዲራ ተሰቅሏል። ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ ኤርፖርት የተነሱ ልጆች ፎቶም አለ። ሰውየው የወንድሜን ውጤት አየና ካልኩሌተር አወጣ። "በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሜሪት ስኮላርሺፕ፣ ማለትም በጉብዝና የሚሰጠውን፣ የማግኘት ዕድሉ 10 ከመቶ ነው እንበል። 10 ቦታ እናስገባለታለን። 10 በ10 ሲባዛ መቶ!" ብሎ ካልኩሌተሩን ወደ እማዬ አዞረላት። እማዬ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን። ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። በማግስቱ የእቁቧን 60,000 ብር ወስደን ከፈልን።

ኧረ ሰው እንዴት እንዲህ ይዋሻል? ዕድል በዚህ መንገድ አይደመርም። እውነት እያንዳንዱ ቦታ 10 ከመቶ ቢሆንና አንዱ ከሌላው ጋር ባይያያዝ እንኳ፣ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 65 ከመቶ አካባቢ ነው። ግን ይያያዛል። አሥሩም ቦታ የሚሄደው ያው ትራንስክሪፕት፣ ያው ኢሴይ፣ ያው የመምህር ደብዳቤ ነው፤ አንዱ ጋ ደካማ የሆነ ማመልከቻ ሌላውም ጋ ደካማ ነው። ደግሞስ 10 ከመቶው ከየት መጣ? ሃርቫርድ ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ገደማ ብቻ ነው፣ ያውም ለመግባት ብቻ።

ያበገነኝ ግን ይሄ አይደለም። ስምንቱ አይቪ ሊግ የሚባሉት የአሜሪካ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እነ ሃርቫርድ፣ እነ ዬል፣ እነ ፕሪንስተን፣ ሜሪት ስኮላርሺፕ ጭራሽ የላቸውም! ኤምአይቲም የለውም። ጎበዝ ስለሆንክ ብለው ሰባራ ሳንቲም አይሰጡም፣ ምክንያቱም እዚያ የሚያመለክተው ሁሉ ጎበዝ ነው። የሚሰጡት የቤተሰብህን ገቢ አይተው ነው። ይሄ እኮ ለኛ ቤት የምሥራች ነበር። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪ ገንዘብ ስለጠየቀ ብለው አይጥሉትም፤ ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ መክፈል ያልቻለውን ይሸፍናሉ። ሌሎቹ ብዙዎቹ ግን ለመቀበል ሲወስኑ ድጋፍ መጠየቅህን ከግምት ያስገቡታል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ቦታ ይሄን ለይቶ ማወቅ ነበረብን። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል የቤተሰብ ገቢ የሚሞላበት ፎርም አለ። እኛ ስሙን የሰማነው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ወንድሜ ካመለከተባቸው አሥር ቦታዎች ስድስቱ ሜሪት የሌላቸው ናቸው። ስድስቱንም "ሜሪት" ብለው አስከፈሉን።

ሜሪት የሚሰጡትም ቢሆኑ ቁጥራቸውን እዩት። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሌስተር ፒርሰን ስኮላርሺፕ ትምህርቱንም፣ መጽሐፉንም፣ መኖሪያውንም ይሸፍናል። በዓመት የሚያገኙት ግን ከመላው ዓለም 37 ልጆች ገደማ ናቸው። ልጁን የሚጠቁመው ትምህርት ቤቱ ነው፣ አንድ ትምህርት ቤትም የሚጠቁመው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ኤጀንሲው ለዚህም ገንዘብ ተቀብሎናል። የጥቆማው ጊዜ ገና እኛ ቢሮአቸው ሳንገባ አልፎ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄጄ ስነግራቸው አዘኑ። "ልጄ፣ መስከረም ላይ ብትነግሩኝ እሱን ነበር የምልከው" አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ።

የማመልከቻ ክፍያም አለ፤ ለአንዱ ቦታ 75፣ 80፣ 85 ዶላር። መክፈል የማይችል ተማሪ ኮመን አፕ በሚባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ነፃ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል። አልጠየቁለትም። በዶላር ተምነው ከኛ ወሰዱ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ዘጠኙ ቦታ አልሆነም። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከአንድ ኮሌጅ ኢሜይል መጣ፣ "ተቀብለንሃል" ይላል። እማዬ እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ፣ አንዷ እትዬ ወንድሜን ግንባሩን ስማ መረቀችው። እሱ ጥግ ይዞ ስልኩን ወደ ታች ያንሸራትታል። ፊቱ ሲለወጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በዓመት ወደ 90,000 ዶላር ይላል። የስኮላርሺፕ ነገር አንድም ቦታ የለም።

ሌሊት ማመልከቻውን ከፍተን አየነው። "የገንዘብ ድጋፍ ትጠይቃለህ?" የሚል ጥያቄ አለ። "አልጠይቅም" ተብሎ ተሞልቷል። ሰውየው ጋ ጠዋት ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ዕድሉን ከፍ ያደርግለታል ብለን ነው፣ ሜሪቱ ይሸፍነዋል ብለን አስበን ነው።" ሜሪቱ! ኮሌጁን በኢሜይል ለመንን። የውጭ ተማሪ ሲያመለክት ካልጠየቀ፣ በኋላ መጠየቅ አይችልም ብለው በትህትና መለሱ። ወንድሜ እንግዲህ በራሱ ጉብዝና የገባበትን ቦታ፣ ሌላ ሰው በሞላው አንድ ምልክት አጣ። ስለ ብሩ ስጠይቅ ደግሞ "ውሉ ላይ አይመለስም ይላል" አለኝ።

እነዚህን ሁሉ መረጃዎች ያገኘሁት በአንድ ሌሊት፣ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ድረ ገጽ፣ በነፃ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎትም በነፃ ይሰጣል። 60,000 ብር ተቀብሎ ይሄን አለማንበብ ምን ይባላል?

ለኮሌጁ መልስ የሚሰጥበት ቀን ሚያዝያ 23 ነው። እማዬ እስካሁን አልገባትም፤ ትናንት መርካቶ ሄዳ ሻንጣ ጠይቃ መጣች። እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። እኔ ሰኞ ጠዋት ደረሰኙንና ውሉን ይዤ ክስ ልጀምር ነው። አራት ኪሎ አካባቢ እንዲህ የተደረጋችሁ፣ ደረሰኝ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ብቻዬን ከምሄድ አብረን እንሂድ።