አይጠየፍ መኖሪያ አይደለም

ወንድሜ፣ የዛሬውን መስቀለኛ ቃላትህን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር ተሟገትንበት። "የንጉሥ ሚካኤል መኖሪያ፣ 5 ፊደል" ብለህ መልሱን "አይጠየፍ" አልከው። ኧረ በሕግ አምላክ! አይጠየፍ እኮ የግብር፣ ማለትም የግብዣ አዳራሽ ነው። ድሃ ሀብታም ሳይል ያበላ ነበር፣ ማንንም አይጠየፍም ነው ነገሩ። ፍንጩን ከ"መኖሪያ" ይልቅ "አዳራሽ" ብትል ወዲያው እንሞላው ነበር። ጓደኛዬ ግን "ግቢውን ማለቱ ነው" እያለ ጥብቅና ቆመልህ።

ደግሞ የ"ሐ" ነገር። አግድም "ፀሐይ" ብለህ፣ በዚያው ሳጥን ቁልቁል የጎረቤታችንን ከተማ "ሃይቅ" አልካት። አንድ ሳጥን ሁለት ፊደል ይይዛል እንዴ? "ሐይቅ" ብትላት ኖሮ ልክክ ይል ነበር። ድምፁ አንድ ነው ካልክም አብሽር፣ ግን አስቀድመህ ንገረን። እኔማ በላጲስ ብዛት ወረቀቱን ቀደድኩት።