ዶጋን ለማሽን መስጠት የዘር እህል መብላት ነው

የጃፓኑ የአኒሜ (የካርቱን ፊልም) ስቱዲዮ ቶኤይ አኒሜሽን በ2025 የበጀት ዓመቱን ውጤት ሲያቀርብ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው) ሰው ሰራሽ አስተውሎትን ለስቶሪቦርድ፣ ለቀለም፣ ለጀርባ ሥዕልና ለዶጋ (በቁልፍ ሥዕሎች መካከል ያሉትን የእንቅስቃሴ ሥዕሎች ለመሳል) ሊጠቀምበት እንዳሰበ አስታወቀ። ተመልካቹ በቁጣ ሲነሳበት ደግሞ አሁን በሚሠራቸው ፊልሞች ላይ እንዳልተጠቀመበት የሚገልጽ ማብራሪያ አከለ። ሰው የተቆጣው በነገው ዕቅድ ነው፤ ማብራሪያው የመለሰው ስለ ዛሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዱን የሚከላከሉ ሁሉ አንድ ቃል ይዘው ይዞራሉ፤ የሰው እጥረት። ወጣት ሠዓሊ ስለጠፋ ማሽን ካልገባ አኒሜ ይቆማል ይሉናል። ቃሉ አዲስ አይደለም። ኔትፍሊክስ ጃፓን በ2023 ጥር ወር ላይ «ውሻውና ልጁ» የተባለውን የሦስት ደቂቃ ፊልም ሲያወጣ የጀርባ ሥዕሎቹን በሙሉ በማሽን ያሠራው የሰው ኃይል ያጠረውን ኢንዱስትሪ ለመርዳት እንደሆነ ተናግሮ ነበር። በፊልሙ መዝጊያ ላይ የጀርባ ሠዓሊው ስም መጻፍ በነበረበት ቦታ የተጻፈው ማሽኑና «ሰው» የሚል ቃል ብቻ ነው። በእጁ ያረመው ሠዓሊ ስሙን እንኳ አላገኘም። እጥረት አለበት በሚባል ሙያ ውስጥ የተገኘውን አንድ ሰው ስሙን መንሳት እጅግ አሳፋሪ ነገር ነው።

ይህ የእጥረት ወሬ ከቀረቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ደካማው ነው። በየዓመቱ ከጃፓን የሙያ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣቶች የስቱዲዮዎችን በር ያንኳኳሉ፤ ይገባሉ፤ ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ጥለው ይወጣሉ። ፈላጊ አልጠፋም፣ የገባው ነው የሚሸሸው። ለምን እንደሚሸሽ ለማወቅ ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። ዶጋ በአብዛኛው የሚከፈለው በወረቀት ቁጥር ሲሆን ዋጋው ለረጅም ጊዜ በአንድ ሥዕል ከ200 እስከ 250 የን ነበር። አንድ አፍ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ወረቀትም፣ አሥር ፈረሰኛ የሚጋልብበት ወረቀትም ዋጋው ያው ነው። ለጀማሪ በወር 500 ወረቀት ማውጣት ቀንም ሌትም መሥራት ማለት ነው፤ ቢያወጣ እንኳ የሚያገኘው ከ100 ሺህ እስከ 125 ሺህ የን ነው። የአኒሜሽን ሠራተኞች ማኅበር ጃኒካ በ2015 ባወጣው ጥናት የዶጋ ሠዓሊ አማካይ የዓመት ገቢ 1.1 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር። ኢንዱስትሪው ደግሞ በ2023 የ3.3 ትሪሊዮን የን ገበያ ደርሷል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሆነው ከጃፓን ውጭ የተገኘ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ቆሞ «ሰው ጠፋ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ገንዘቡ ግን የክርክሩ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ነገር ዶጋ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚናገሩ መብዛታቸው ነው። በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ባዶ መሙላት ስለሚመስላቸው አሰልቺ ጉልበት ነው፣ ማሽን ይሥራው ይላሉ። እስኪ ሥራውን ከቅርብ እንየው።

አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም አለው። የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ያቆየዋል፤ በሰከንድ 8 ሥዕል ማለት ነው። ጌንጋ የሚባሉትን ቁልፍ ሥዕሎች ልምድ ያለው ሠዓሊ ይስላል፣ በመካከላቸው ያለውን እንቅስቃሴ የዶጋ ሠዓሊው ይሠራል። የግማሽ ሰዓት አንድ ክፍል 300 ገደማ ካት (ሳይቋረጥ የሚታይ አንድ ቅንጭብ) ይኖረዋል፤ የሚፈጀው ዶጋም ከ3,000 እስከ 5,000 ወረቀት ይደርሳል።

አንዲት ልጅ ፊቷን ከግራ ወደ ቀኝ ታዞራለች እንበል። ከጌንጋው ሠዓሊ ሁለት ወረቀት መጥቷል፤ በቁጥር 1 ላይ ግራ ታያለች፣ በቁጥር 5 ላይ ቀኝ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አጭር መስመር ተሰምሮ በላዩ ትንንሽ ጭረቶች ተደርገውበታል፤ ጭረቶቹ ወደ መጨረሻው ከተጠጋጉ እንቅስቃሴው እየቀዘቀዘ ይቆማል ማለት ነው። የዶጋ ሠዓሊው መጀመሪያ የጌንጋውን ሻካራ መስመር በአዲስ ወረቀት ላይ አጥርቶ ይገለብጣል። የሥዕል ተቆጣጣሪው በባለቀለም ወረቀት ያስቀመጠው እርማት ካለ የሚከተለው እርማቱን ነው። ከዚያ ሦስት ቀዳዳ ያላቸውን ወረቀቶች ታፑ በሚባለው ማሰሪያ ላይ ሰክቶ፣ ከሥር መብራት አብርቶ፣ በ1ና በ5 መካከል ቁጥር 3ን ይስላል። ቀጥሎ በ1ና በ3 መካከል 2ን፣ በ3ና በ5 መካከል ደግሞ 4ን።

ጀማሪው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱን ሥዕሎች መስመር መሃል ለመሃል ቢከፍል አፍንጫዋ ፊቷን በቀጥታ ያቋርጣል፣ ጉንጯ ይጠብባል፣ ጭንቅላቷ የዞረ ሳይሆን የተጨመቀ ይመስላል። ራስ ክብ ነገር ነው። ሲዞር አገጭ በቅስት መንገድ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ዓይን በከፊል ይከደናል፣ በወዲያኛው በኩል ያለው ዓይን ከአፍንጫው ጀርባ ብቅ ይላል፣ ጸጉር ከራስ ዘግይቶ ይከተላል። በቁጥር 3 ላይ የሚሳለው ፊት በሁለቱም ጌንጋዎች ላይ የለም፤ የራስ ቅልን ቅርጽ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያወጣው። ሁለቱ ዓይኖች በወረቀቱ ላይ ተራርቀው ሲገኙ ታፑ-ዋሪ የሚባል ዘዴ አለ። ወረቀቶቹ ከማሰሪያው ይነሱና አንዱ ዓይን በሌላው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይንሸራተታሉ፤ መሃሉ ይሳላል፤ ከዚያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። መጨረሻ ላይ ወረቀቶቹን በጣቶቹ መካከል ይዞ እያገላበጠ ያያል። አንድ መስመር ከዘለለች ዓይኑ ይይዛታል።

ሌላም አለ። የጥላ ድንበር በሰማያዊ፣ የብርሃን ድንበር በቀይ እርሳስ ይሰመራል። የጸጉር ውፍረት ያህል ክፍተት ከቀረ ቀለሙ በኮምፒውተር ሲሞላ ከፊት ወደ ጀርባ ይፈስሳልና ወረቀቱ ለእርማት ይመለሳል። ተመላሽ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ይህንን በወር አራት አምስት መቶ ጊዜ የሚሠራ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የብዙ ጎበዝ ሠዓሊዎችን መስመር በእጁ ተከትሎ ገልብጧል። ክርኑ ለምን እዚያ ጋ እንደታጠፈ፣ የሚሮጥ ሰው ክብደት በየትኛው ሥዕል ላይ እንደሚወርድ፣ ሁለት ጌንጋ የት ላይ ቢቀመጥ መሃሉ እንደሚቀልና የት ላይ ቢቀመጥ እንደሚበላሽ በራሱ እጅ ያየዋል። ነገ ጌንጋ ሲስል የሚያስፈልገው ዕውቀት ይኸው ነው፤ ከነገ ወዲያ ተቆጣጣሪ ሆኖ የሌላውን የሚያርመውም በዚሁ ነው። ዶጋ የአኒሜ ሀሁ ነው። ሀሁ ሳይቆጥር ዳዊት የሚደግም የለም።

ታዋቂው የአኒሜ ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ በ1963 ሥራ የጀመረው በዚሁ በቶኤይ፣ በዚሁ በዶጋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያሱጂ ሞሪና ያሱኦ ኦትሱካ በዚያው ቤት ነበሩ፤ ጀማሪው የአንጋፋዎቹን ወረቀት እያነሳ ይማር ነበር። መነሻ ደመወዙ በወር 19,500 የን ሲሆን በኔሪማ ለተከራያት ጠባብ ክፍል የሚከፍለው 6,000 የን ነበር። ልብ በሉ፤ ጀማሪ የዶጋ ሠዓሊ የወር ደመወዝተኛ ነበር፣ ደመወዙም የቤት ኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሸፍን ነበር። በማግስቱ ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነ። በ1965 በወጣው የጋሊቨር ፊልም ላይ ገና የዶጋ ሠዓሊ ሳለ የፊልሙ መጨረሻ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ፣ ሐሳቡም ተወሰደ። ሚያዛኪን ያበቀለ ጠረጴዛ ያለው ድርጅት ያንን ጠረጴዛ ከማሽን ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ነው ያስቆጣኝ። የዘር እህሉን አስፈጭቶ የበላ ገበሬ በክረምት ምን ሊዘራ ነው?

ግምት አይደለም፣ ውጤቱ ታይቷል። አብዛኛው ዶጋ ለዓመታት ወደ ቻይና፣ ወደ ኮሪያ፣ ወደ ፊሊፒንስና ወደ ሌሎች አገሮች ሲላክ ኖሯል። የቻይናና የኮሪያ ሠዓሊዎች ጥፋት የለባቸውም፤ ጎበዞች ናቸው። ጃፓን ውስጥ ያለው ጀማሪ ግን ትምህርት ቤቱ ከአገር ወጣበትና በቂ ዶጋ ሳይሠራ ወደ ጌንጋ ተገፋ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጌንጋ በጥሬው ይመጣል፣ ዳይኒ ጌንጋ የሚባል ሁለተኛ ሠዓሊ ያጠራዋል፣ ያም አልበቃ ብሎ ተቆጣጣሪው ቁጭ ብሎ ካቱን እንደገና ይስለዋል። በጥቂት ሰዎች ያልቅ የነበረ የጌንጋ ሥራ ዛሬ በአንድ ክፍል መዝጊያ ላይ በርካታ ደርዘን ስም የሚያስደረድረው ለዚህ ነው። የሰው እጥረት የሚሉትን ራሳቸው አመረቱት። አሁን ደግሞ በሽታውን ለማዳን ራሱን በሽታውን ያመጣውን መድኃኒት በእጥፍ እንዋጥ ይላሉ።

ማሽኑስ ምን ያወጣል? እጅ በፊት ፊት ሲያልፍ፣ እጅጌ ሲታጠፍ፣ በመጀመሪያው ሥዕል ያልነበረ ጣት በሁለተኛው ብቅ ሲል፣ ማሽን ሁለቱን ሥዕሎች ያቀልጣቸዋል። መስመሩ እንደ ጥላ ሁለት ይሆናል ወይም ይሟሟል። ሠዓሊው ሆን ብሎ ያራራቃቸውን ሥዕሎች እኩል እኩል አድርጎ ያለሰልሳቸውና የቡጢው ጉልበት ይጠፋል። ይህን ያርማል የተባለው ሰው ማን ነው? ዶጋ ኬንሳ የሚባል አራሚ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ዶጋ በእጁ ያለፈ ሰው ነው። የዛሬዎቹ አራሚዎች ጡረታ ሲወጡ ዶጋ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው የማሽኑን ስህተት የሚፈትሸው? ስህተቱን ለማየት የሚያበቃው ዓይን ከየት ይመጣለታል?

በ2013 በወጣው የጂብሊ (የሚያዛኪ ስቱዲዮ) ፊልም ውስጥ አራት ሰከንድ ለሚቆይ የሕዝብ ትርምስ ሠዓሊው ኤይጂ ያማሞሪ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶበታል። ይህን እንደ ብክነት የሚጠቅሱት አሉ። በዚያ ሕዝብ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መንገድ አለው፤ ብክነት የሚለው ሰው ካቱን ቆም ብሎ ይመልከተው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በሴል (ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ላይ በብሩሽ ቀለም መቀባት በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል፤ ሳዛኤ-ሳን የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ብቻ እስከ 2013 በሴል ቆየ። አኒሜ በዚህ አልሞተም፤ ባዶ ቦታ በቀለም መሙላትን ማሽን ቢያፈጥነው አልከራከርም። የተቀየረው ግን ዕቃው ነበር፤ ቀለሙን የሚመርጠውና የሚሞላው ያው ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖም የዶጋን ጠረጴዛ ሳይሞቅ በ1984 የሚያዛኪ ፊልም ላይ ጌንጋ ስሏል ይሉኛል። እውነት ነው። በአንድ አኖ ግን በሳምንት የሚወጡትን ደርዘን ደርዘን ተከታታይ ፊልሞች መሥራት አይቻልም።

በማንጋም (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ያው ነው። ኤይቺሮ ኦዳ የራሱን ሥራ «ዋን ፒስ»ን በ1997 ከመጀመሩ በፊት የኖቡሂሮ ዋትሱኪ ረዳት ነበር፤ ዩጂ ካኩና ዩኪኖቡ ታትሱ የታትሱኪ ፉጂሞቶ ረዳቶች ነበሩ። ረዳት ሕንፃ ይስላል፣ ስክሪንቶን (ጥላ የታተመበት ተለጣፊ) ቆርጦ ይለጥፋል፣ የፍጥነት መስመር ያሰምራል። የጀርባ ሥዕሉን ለማሽን እንስጠው ሲባል የሚዘጋው ይኸው በር ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ኪዮቶ አኒሜሽን አሳይቷል። በ1981 ሴል በሚቀቡ ሴቶች የተጀመረ ቤት ነው። ሠራተኛውን በደመወዝ ይቀጥራል፣ የራሱ ትምህርት ቤት አለው፣ ዶጋውን በቤቱ ያሠራል። በሐምሌ 2019 በተነሳበት እሳት 36 ሰዎቹን ካጣ በኋላም የቀጠለው አዳዲስ ሰው እያሠለጠነ ነው። ስለ እውነተኛ የሰው እጥረት መናገር የሚችል ስቱዲዮ ቢኖር እሱ ነበር።

ገንዘብ የለም የሚሉት የገንዘቡን አካሄድ ያውቁታል። አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃ ድርጅቱና አሻንጉሊት አምራቹ ኮሚቴ ሠርተው ይገባሉ፤ ትርፉ እንደ መዋጮው ይከፋፈላል፤ ያላዋጣ ስቱዲዮ የማምረቻ ክፍያውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ሒሳቡን ከዚያ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው። አንድ ክፍል 4,000 ወረቀት ዶጋ ይፈጃል እንበል። የአንዱን ወረቀት ዋጋ ከ250 ወደ 500 የን ብናደርሰው የሚጨመረው ወጪ 1 ሚሊዮን የን ነው። ለ12 ክፍሎች 12 ሚሊዮን። «የሰው እጥረት» የሚል ቃል በሰነዱ ላይ የሚጽፍ ድርጅት ሁሉ ከቃሉ ጎን በወረቀት ስንት እንደሚከፍልና በዚህ ዓመት ስንት የዶጋ ሠዓሊ በወር ደመወዝ እንደቀጠረ ይጻፍልን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማሽን እንነጋገራለን።