ካሬራ ጂቲ በብድር? ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት!

እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ «ካሬራ ጂቲን፣ ያንን የፖርሽ ውድ የስፖርት መኪና፣ በብድር ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል» የሚል ሰው በዛ። ፖርሽ የሠራው 1,270 ብቻ ስለሆነ ዋጋው አይወርድም አሉ። እሺ፣ ወለዱስ? 1 ሚሊዮን ዶላር በ7 በመቶ ብትበደሩ ዋናው ሳይነካ በወር 5,833 ዶላር ይሄዳል። በውጭ አገር ወርሃዊ ክፍያውን ዝቅ የሚያደርግ ውል አለ፤ ግን ዕዳውን ለመጨረሻው ቀን ነው የሚከምረው። ያኔ ገበያ ከቀዘቀዘ ጉድ ፈላ።

ደግሞ ጎንደር ላይ! ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር አየር ያጥረዋል። ከ612 ፈረስ ጉልበቱ አንድ አምስተኛው ያህል እዚሁ ይቀልጣል። ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ክላች) ሴራሚክ ነው፣ ስፋቱ 17 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ነዳጅ ሳትረግጡ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት ይላል ፋብሪካው። ዳገት ላይ እንዲያ ሲለቁት ሞተሩ ይጠፋል፤ ነዳጅ እየሰጡ ሲይዙት ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ሽታው ሳይቀር ይመጣል። ኮብልስቶኑና ጉብታው ሆዱን እንደሚልጠው መናገርም አያስፈልግ።

ቢቆምስ? ጎማው ሳይሽከረከር ይደርቃል። በ2023 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው ራሱ የሰስፔንሽኑ (ጎማውን ከመኪናው አካል የሚያያይዘው ክፍል) መጋጠሚያ ሊሰነጠቅ ይችላል ብሎ አሜሪካ ያሉትን ባለቤቶች «አትንዱ» ብሏቸዋል። አለመንዳት ግን ወለድ አያስቆምም።

ለመሆኑ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሎ የለም እንዴ? በየት በኩል ልታስገቡት ነው?